ዘሩ ይሮጣል፣ ታዲያ ላሟ ለምን አልያዘችም? የወንድ ዘር ሕዋስ ሽፋን እንዴት ይበስላል

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብለው የሚኖሩ ጎረቤታችን እማማ ሁለት ዲቃላ ላሞች አሏቸው። አንደኛዋ ሁለት ጊዜ በመርፌ ተጠቅታ ሁለቱንም ጊዜ አልያዘችም። ሰፈራችን «መርፌ» የሚለው ሰው ሠራሽ ማዳቀልን ነው። የኮርማ ዘር የያዘች፣ ባለሙያዎች ስትሮው የሚሏት ቀጭን የላስቲክ ቀሰም በብረት ዘንግ ወደ ማህፀን ትገባለች እንጂ መርፌ እንኳ የለበትም።

አዳቃዩ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ በሞተሩ ሲመጣ እኔም በረቱ ውስጥ ቆሜ ነበር። ዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ የሚቀመጥበትን ዕቃ ክዳን ሲያነሳ ነጭ ጉም ከአፉ ሞልቶ ፈሰሰና መሬት ለመሬት ተጎተተ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣

«ልጄ፣ በረዶ ሆኖ የከረመ ነገር ነፍስ ይኖረዋል?» አሉት።

«ይኖረዋል እማማ። ሲቀልጥ በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ይሮጣል።»

«የሚሮጥ ከሆነማ ለምን አልያዘችም? የእኔ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ትጽፍ የለ? እስቲ ይሄን አስረዳኝ።»

ጥያቄያቸው ከሚመስለው በላይ የጠለቀ ነው። አብዛኞቻችን የወንድ ዘር ሕዋስ ከተሠራ ጀምሮ የደረሰ፣ ሥራውም መሮጥ ብቻ የሆነ ይመስለናል። መሮጥና ማስረገዝ ግን ለየቅል ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚገኘው የሕዋሱን አካል በሸፈነው ስስ ቆዳ ላይ ነው።

«ሽፋን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ማንኛውም ሕዋስ ውስጡን ከውጭው የሚለይ ሽፋን አለው። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ለ200 ሺህ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ነው። የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት እንዲያክል 20 ሺህ ያህሉን መደራረብ ያስፈልጋል። የተሠራው በዋናነት ከቅባት ነው። ሁለት ረድፍ የቅባት ቅንጣቶች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በመካከላቸው ፕሮቲኖች ተሰክተው፣ በላዩ ላይ ደግሞ የስኳር ሰንሰለቶች እንደ ጸጉር ቆመውበታል። ቅባት በመሆኑም እንደ ግድግዳ የረጋ አይደለም። ወጥ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ዘይት ቅንጣቶቹ እየተንሸራተቱ ቦታ ይቀያየራሉ።

ይህ ሽፋን በርም ዘበኛም ነው። ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከሌላ ሕዋስ ጋር መነካካት፣ መተዋወቅ፣ መዋሃድም በእሱ በኩል ነው።

የወንድ ዘር ሕዋስ ራስ፣ መካከለኛ ክፍልና ጭራ አለው። በራሱ ውስጥ በእጅጉ ተጠቅጥቆ የታሸገው ዲኤንኤ ይገኛል። ከራሱ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የተደፋች አክሮሶም የምትባል ከረጢት አለች፤ በእንቁላሏ ዙሪያ ያለውን መጠቅለያ ለማለፍ የሚረዱ ነገሮችን ይዛለች። መካከለኛው ክፍል ኃይል የሚመነጭበት ነው። ጭራው ይቀዝፋል። ሽፋኑ ሁሉንም ይሸፍናል፤ ግን በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ጥለት እንዳለው ነጠላ ዳሩ ሌላ፣ መሀሉ ሌላ ነው። በራሱ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ጭራው ላይ የሉም፤ የጭራዎቹም ራስ ላይ አይገኙም።

ከዘር ፍሬ ሲወጣ ደርሶ የለም እንዴ?

የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የዘር ሕዋስ በዘር ፍሬ ውስጥ ተሠርቶ እስኪያልቅ በኮርማ 61 ቀን ገደማ፣ በሰው ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ይወስዳል። ሲያልቅ በመልኩ የተሟላ ነው፤ ራስ አለው፣ ጭራ አለው። ሆኖም ቀጥ ብሎ አይዋኝም፣ እንቁላል ቢያገኝም በተፈጥሮው መንገድ ሊዋሃዳት አይችልም።

ከገበያ የተገዛ አዲስ የሸክላ ምጣድ አስቡ። ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። ሊጥ ያፈሰሰችበት ሴት ግን እንጀራዋ ተጣብቆ ይቀርባታል። ምጣዱ መጀመሪያ መሟሸት አለበት፤ እሳት ላይ ሆኖ በጎመን ዘር ደጋግሞ እየታሸ፣ ቅባቱ ገጹ ውስጥ እየገባ፣ መልኩ እየጠቆረ። ከሟሸ በኋላ ሸክላው ያው ሸክላ ነው፤ የተለወጠው ገጹ ነው። የወንድ ዘር ሕዋስም ከዘር ፍሬ ሲወጣ ያልተሟሸ ምጣድ ነው።

ማነው የሚያሟሸው?

ከዘር ፍሬው ጀርባ ተለጥፎ የሚገኝ፣ ኤፒዲዲሚስ የሚባል አንድ ቱቦ ነው። በጣም ስለተጠማዘዘ ሲታይ ትንሽ እብጠት ይመስላል። ተፈትቶ ቢዘረጋ ግን በሰው 6 ሜትር ያህል፣ በኮርማ ከ30 ሜትር በላይ ይሆናል። ሕዋሱ በራሱ ዋና ሳይሆን በፈሳሹና በቱቦው ግድግዳ መኮማተር እየተገፋ ያልፍበታል። በሰው ጥቂት ቀናት፣ በኮርማ ከሳምንት በላይ ይፈጅበታል።

ድሮ ተመራማሪዎች ሕዋሱ የሚበስለው ጊዜ ስለሚያልፍበት ብቻ ነው፣ ቱቦው መጠበቂያ ቦታ እንጂ ሌላ ሥራ የለውም ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጥንቸል ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን አፈረሱት። ሕዋሶቹን ከቱቦው መጀመሪያ ላይ አግዶ ማቆየት አላበሰላቸውም። ቱቦውን ማለፍ ነበረባቸው።

ለምን በሌላ እጅ መሟሸት አስፈለገው? ምክንያቱም ሕዋሱ ቀልሎ ለመዋኘት ሲል ጓዙን ጥሏል። ፕሮቲን የሚሠራበትን ማሽን አራግፏል፤ ዲኤንኤውም ተጠቅጥቆ ስለታሸገ ትእዛዝ አይሰጥም። በመሆኑም አዲስ ነገር በራሱ ማምረት አይችልም። በሽፋኑ ላይ የሚጨመር ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው።

የቱቦው ግድግዳ ሕዋሶች ፕሮቲን ወደ ፈሳሹ ይለቅቃሉ፤ ደግሞም በዓይን ሊታዩ የማይችሉ ጥቃቅን የቅባት ከረጢቶችን እየሞሉ ይልካሉ። ከረጢቶቹ ከዘር ሕዋሱ ጋር ሲነካኩ ጭነታቸውን ወደ ሽፋኑ ያሸጋግራሉ። ከዘር ፍሬ ይዟቸው የመጣቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች ደግሞ ይቆረጣሉ ወይም ከቦታቸው ይዛወራሉ። በሰው ዘር ሕዋስ ላይ በብዛት የሚገኘው ሲዲ52 የሚባል ፕሮቲን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕዋሱ ፈጽሞ አልሠራውም፤ ቱቦው ሠርቶ አለበሰው።

በማይክሮስኮፕ ሊታይ የሚችል አንድ የመብሰል ምልክት አለ። ሕዋሱ ከዘር ፍሬ ሲወጣ አንገቱ ላይ የተረፈ ጠብታ ይዞ ይመጣል። ቱቦው ውስጥ እየተጓዘ ሲሄድ ጠብታዋ ከአንገቱ ወደ ታች እየተንሸራተተች በመጨረሻ ትወድቃለች። የኮርማ ዘር የሚመረምር ባለሙያ ብዙ ሕዋሶች ጠብታዋን አንገታቸው ላይ እንደያዙ ካየ፣ ሳይበስሉ የወጡ መሆናቸውን ያውቃል።

ሽፋኑ ላይ በትክክል የሚለወጠው ምንድነው?

መጀመሪያ ቅባቱ ነው። በሱሉልታ የጥቅምት ማለዳ ቅቤ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ከጎኑ ያለው የኑግ ዘይት ግን ዘንበል ሲያደርጉት ይፈሳል። ሁለቱም ቅባት ናቸው። ልዩነቱ የቅንጣቶቻቸው ቅርጽ ነው፦ የቅቤው በአብዛኛው ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ የኑጉ ታጥፈው የተንጋደዱ ስለሆኑ አይጠጋጉም። የዘር ሕዋሱ ሽፋን በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ የቅባቱ ዓይነት ይለዋወጣል። በኮርማም በሰውም ዘር ሕዋስ ላይ ከኦሜጋ 3 ወገን የሆነ፣ ዲኤችኤ የሚባል እጅግ የታጠፈ ቅባት በብዛት ይገኛል። ይህ ሽፋኑን ለስላሳና ታጣፊ ያደርገዋል። ወደፊት ከሌላ ሽፋን ጋር መዋሃድ ስላለበት ልስላሴው የግድ ነው።

ልስላሴው ዋጋ ያስከፍላል። የታጠፉ ቅባቶች ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይጣላሉ፤ ቆይቶ ሽታው የተለወጠ ዘይት የሚደርስበት ጣጣ ማለት ነው። የዘር ሕዋስ ሽፋንም እንዲሁ «ይበላሻል»። ሲጋራ፣ ትኩሳትና የመራቢያ አካል ኢንፌክሽን ይህን ጉዳት ከሚያባብሱት መካከል ናቸው። የተበላሸበትን ደግሞ አይተካውም፤ ቀደም ሲል እንዳልኩት ማምረቻውን ጥሎ ነው የመጣው።

በቅባቶቹ መካከል ኮሌስትሮልም አለ። ስሙ በደም ምርመራ ወረቀት ላይ ስለምናውቀው ክፉ ይመስለናል፤ እዚህ ግን እንደ ምሰሶ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ሽፋኑ ከመጠን በላይ እንዳይላላ ይይዘዋል። መጠኑ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። በሰው ዘር ሕዋስ ላይ ብዙ ነው፣ በኮርማ ያነሰ፣ በአሳማ ከሁሉም ያነሰ። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ወደ ናይትሮጅኑ ዕቃ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ከዚያ የስኳር ልብሱ አለ። ሕዋሱ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ በላዩ ላይ የሚቆሙት የስኳር ሰንሰለቶች ይወፍራሉ። ጫፎቻቸው ላይ ያለው ሲያሊክ አሲድ የተባለ የስኳር ዓይነት ደግሞ ሁሉንም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላቸው ስለሚያደርጋቸው ሕዋሶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ እንጂ አይጣበቁም። ልብሱ ሌላም ጥቅም አለው። ለሴቷ ሰውነት ይህ ሕዋስ እንግዳ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሶቿ እንግዳ ሲያዩ ይበላሉ። ልብሱ ማንነቱን ይሸፍንለታል፤ በማህፀን በር ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ሰንጥቆ እንዲያልፍም ያግዘዋል።

ልብሱ ባይኖርስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ይህን አሳይቷል። የዚህን ልብስ አንድ ክፍል የሚሠራው ዘረ መል ከአባትም ከእናትም ተበላሽቶ የደረሳቸው ወንዶች አሉ። የዘራቸው ቁጥርም ሩጫም ሲታይ ጤነኛ ነው። ባለቤቶቻቸው ግን እስኪያረግዙ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የእማማ ጥያቄ በሰው ላይ ሲጠየቅ ይህን ይመስላል፦ ይሮጣል፣ ግን አይዝም።

እንግዲህ ከቱቦው ሲወጣ ደረሰ ማለት ነው?

ገና ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ በጣም አስገራሚ ክፍል ነው፤ ያን ያህል የተለፋበት ልብስ መገፈፍ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1951 ሚን ቹዌ ቻንግ በአሜሪካ፣ ኮሊን ኦስቲን በአውስትራሊያ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከወንድ የወጣ ሙሉ ጤነኛ ዘር እንቁላሏ አጠገብ ቢደረግም ወዲያው አይዋሃዳትም። በሴቷ አካል ውስጥ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ይህ የመጨረሻ ደረጃ በሳይንሱ ካፓሲቴሽን ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ብቃት ማግኘት» ብንለው ያስኬዳል። ይህ ባለመታወቁ ነው ከዚያ በፊት እንቁላልን ከአካል ውጭ ለማዳቀል የተደረጉት ሙከራዎች እምነት የሚጣልበት ውጤት ሳያስገኙ የቆዩት።

ምን ይሆናል? በሴቷ ማህፀንና የእንቁላል ቱቦ ፈሳሽ ውስጥ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አለ። እሱ ከሽፋኑ ላይ ኮሌስትሮሉን እየለቀመ ያወጣል፤ ምሰሶዎቹ ይነቀላሉ ማለት ነው። ቢካርቦኔትም አለ፤ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ የሚገኘው ያው ነገር። ወደ ሕዋሱ ሲገባ የውስጥ ማንቂያውን ይጫናል። የስኳር ልብሱ ይሳሳል። ሽፋኑ ይላላል፣ ካልሲየም የሚያስገቡ በሮች ይከፈታሉ። ጭራው ላይ ያለው ዋነኛ የካልሲየም በር ካትስፐር ይባላል፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ካልሲየሙ ሲገባ የጭራው አመታት ይለወጣል፤ ከለዘብተኛ ቀዘፋ ወደ ጅራፍ ዓይነት ግርፊያ። ሕዋሱ ከእንቁላል ቱቦው ግድግዳ ተላቅቆ ወደ እንቁላሏ የሚሄደው በዚህ ጉልበት ነው።

ለምን ከመጀመሪያው ልብሱን ገፍፎ አይመጣም ይባል ይሆናል። ሊጥ ያቦካ ሰው መልሱን ያውቃል። ኩፍ ያለ ሊጥ ወዲያው መጋገር አለበት፤ ካደረ ይኮመጥጣል። ብቃት ያገኘ ሕዋስም እንዲሁ ነው፦ ሽፋኑ ላልቷል፣ ኃይሉን እያቃጠለ ነው፣ ዕድሜው በሰዓታት ይቆጠራል። ስለዚህ ልብሱ መጠበቂያ ነው፤ ሊጡ ከሰዓቱ በፊት ኩፍ እንዳይል ያቆየዋል። በላምም የኮርማው ዘር በእንቁላል ቱቦው ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ እንቁላሏ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ በየተራ ይለቀቃል።

በመጨረሻ በራሱ ጫፍ ላይ ያለው ሽፋን ከሥሩ ካለችው የአክሮሶም ከረጢት ሽፋን ጋር በብዙ ቦታ ይዋሃድና ይበጣጠሳል፤ ከረጢቷም ትከፈታለች። የድሮው ትምህርት ይህ የሚሆነው ሕዋሱ የእንቁላሏን መጠቅለያ ሲነካ ነው ይል ነበር። በአይጥ ላይ የተደረጉ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ግን ብዙዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እንደሚጀምሩት አሳይተዋል። ከረጢቷ ስትከፈት እስከዚያ ተደብቆ የነበረ ኢዙሞ የተባለ ፕሮቲን ወደ ገጹ ይወጣል። ስሙ የተወሰደው በጃፓን ከሚገኝ፣ ከጋብቻ ጋር ከሚያያዝ ቤተ መቅደስ ነው። በእንቁላሏ ሽፋን ላይ ያለችው አቻው እ.ኤ.አ. በ2014 ተገኘች፤ ጁኖ አሏት፣ በሮማውያን የጋብቻ አምላክ ስም። ሳይንቲስቶችም አንዳንዴ ወግ ያውቃሉ። ሁለቱ ሲያያዙ ሽፋን ከሽፋን ይገጥማል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ሽፋኖች አንድ ይሆናሉ። እንቁላሏም ጁኖን ብዙም ሳትቆይ ከገጿ ታራግፋለች፤ ሁለተኛ ዘር ሕዋስ እንዳይገባ ከሚከለክሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ቅዝቃዜው ይህን ሽፋን ምን ያደርገዋል?

ወደ በረቱ እንመለስ። በዕቃው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ሕይወት ቆሟል፤ ዘሩ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ችግሩ ያለው በመቀመጡ ላይ ሳይሆን በመውረጃውና በመውጫው መንገድ ላይ ነው።

የሰውነት ሙቀት የነበረው ዘር በድንገት ሲቀዘቅዝ የሽፋኑ ቅባቶች እንደ ጣሳው ቅቤ ይረጋሉ። ሁሉም እኩል ቢረጉ ደግ ነበር፤ አንዱ ሲረጋ ሌላው ገና ይፈሳል፣ በመካከላቸውም ስንጥቅ ይፈጠራል። በዚያ ስንጥቅ ካልሲየም ይገባል። ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ኮሌስትሮል የበዛበት የሰው ዘር ድንገተኛ ቅዝቃዜን ከኮርማው በተሻለ ይችላል፤ የአሳማ ዘር ደግሞ ፈጽሞ አይወደውም። ከዜሮ በታች ሲወርድ የበረዶ ቅንጣቶች ይመጣሉ፤ ውሃው በረዶ ሲሆን የቀረው ፈሳሽ ጨው ይበዛበትና ሕዋሱን ያኮማትረዋል።

ለዚህ መድኃኒት የተገኘው በእንቁላልና በስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ በአሜሪካ ዊስኮንሲን የነበሩት ፊሊፕስና ላርዲ የዶሮ እንቁላል አስኳል የኮርማ ዘርን ከቅዝቃዜ እንደሚጠብቅ አሳዩ። ምክንያቱ የተብራራው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በኮርማ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ከሽፋኑ ላይ ኮሌስትሮል የሚነቅሉ ፕሮቲኖች አሉ። በተፈጥሮ ለአጭር ጊዜ ስለሚነካኩ ጠቃሚ ናቸው፤ ቀዝቅዞ ለረጅም ሰዓት አብሯቸው ለሚቆይ ዘር ግን ጎጂ ናቸው። የአስኳሉ ቅባት ፕሮቲኖቹን ይይዛቸዋል።

ስህተቱ ደግሞ በለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአውራ ዶሮ ዘር በስኳር ውሃ ለማቀዝቀዝ ሲሞክሩ አንድ ጠርሙስ ተአምር ሠራ፤ ዘሩ ቀልጦ መዋኘት ጀመረ። ፈሳሹ ሲመረመር ስኳር የለበትም፤ የጠርሙሱ ምልክት ተሳስቶ ኖሯል። ውስጡ ግሊሰሪን ነበር። ዛሬም ድረስ የኮርማ ዘር የሚቀዘቅዘው ግሊሰሪን ተጨምሮበት ነው።

ይህም ሁሉ ተደርጎ በመቅለጥ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሕዋስ አይነሳም። ለዚህ ነው በአንዲት ስትሮው ውስጥ ሚሊዮኖች የሚታሸጉት። የተነሱትም ቢሆኑ ኮሌስትሮል ጎድሎባቸው፣ ካልሲየም ገብቶባቸው፣ ሽፋናቸው ብቃት ያገኘ ሕዋስን መስሎ ነው የሚነሱት። ኩፍ ያለ ሊጥ ናቸው። ይሮጣሉ፤ ጊዜያቸው ግን አጭር ነው።

እንግዲያው ሰዓቱ ለምን ይጠየቃል?

አዳቃዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መቼ ነው ኮርማ የፈለገችው?» ብሎ ነው። የተለመደው ደንብ ጠዋት የታየችውን ማታ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት ማስጠቃት ነው። ላም እንቁላሏን የምትለቀው ፍላጎቷ ከጀመረ ከ24 እስከ 30 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እንቁላሏም ለመዳቀል ብቁ ሆና የምትቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። ቀልጦ የገባው ዘር ደግሞ እንቁላል ቱቦው ጋ ለመድረስና የቀረውን ልብሱን ለማውለቅ ጥቂት ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ ከአንድ ቀን በላይም እምብዛም አይቆይም። ቀድሞ ከገባ እንቁላሏ ሳትወጣ ይደክማል። ዘግይቶ ከገባ እንቁላሏ አርጅታ ትጠብቀዋለች።

እማማን ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ላሟ ማለዳ ስታጓራ አይተው ደውለው ነበር፤ በዓል ሆነና የመጣው ሰው የደረሰው በማግስቱ ከሰዓት ነው። ከ30 ሰዓት በላይ አለፈ ማለት ነው። ሁለተኛው ጊዜ መቼ እንደጀመራት ልብ አላሉም፤ የዜቡ፣ ማለትም ሻኛ ያለው ከብት፣ ደም ያለባቸው ላሞች ደግሞ ፍላጎታቸው አጭርና ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሚሆን ያመልጣል። ላለመያዟ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ የመኖ ማነስም የማህፀን ሕመምም ያስቀራሉ። ነገር ግን «ዘሩ የሞተ ነበር» ብሎ ከመደምደም በፊት ሰዓቱን መቁጠር ይቀድማል።

ስለ ሰውስ ምን ይነግረናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ከጥንዶቹ በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት። በሰፈራችን ግን ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ወደ ሴቷ ነው። ወንዱ ተመርምሮ «ቁጥሩም ሩጫውም ደህና ነው» ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስላል። የተለመደው ምርመራ ቁጥርን፣ እንቅስቃሴንና ቅርጽን ያያል፤ የሽፋኑን ብስለት በቀጥታ አያይም።

የሽፋኑን ጤንነት በከፊል የሚያሳዩ ቀላል መንገዶች አሉ። ኢኦሲን የተባለ ቀይ ቀለም ሲጨመር ሽፋኑ የተቀደደ ሕዋስ ቀለሙን ይጠጣና ሮዝ ይሆናል፤ ሽፋኑ ጤነኛ የሆነው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በሌላው ዘዴ ሕዋሱ ጨው ባነሰበት ፈሳሽ ውስጥ ይደረጋል። ሽፋኑ ከሠራ ውሃ ሲገባበት ያብጥና ጭራው ይጠቀለላል፤ የተቀደደው ግን ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ሁለቱም ሽፋኑ መቀደድ አለመቀደዱን እንጂ መብሰሉን አይነግሩም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ የሆነው አንድን ዘር ሕዋስ በቀጭን መርፌ እንቁላል ውስጥ የማስገባት ዘዴ (በዚህኛውስ መርፌ አለበት) ሽፋኑ የሚሠራውን ሁሉ ይዘልላል። ልብስ መገፈፍ የለ፣ ኢዙሞ ከጁኖ መተያየት የለ። ከዘር ፍሬው በቀጥታ የተወሰደ፣ ቱቦውን ያላየ ሕዋስ እንኳ በዚህ መንገድ ልጅ ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤው ቀድሞም ተሟልቶ ነበር፤ የጎደለው ማሟሸቱ ብቻ ነበር።

በረቱ ውስጥ፣ አዳቃዩ ረጅሟን መቆንጠጫ ሰድዶ ስትሮዋን አወጣ፤ መያዣውን ከዕቃው አንገት በላይ ሳያሳልፍ ወዲያው መለሰው። የቀሩት ስትሮዎች ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ቢሞቁ የበረዶው ቅንጣቶች አድገው ሽፋኑን ይወጋሉ፤ መልሶ መንከሩም ጉዳቱን አይሽረውም። ለብ ያለው ውሃ በኩባያ ተዘጋጅቷል፤ ቴርሞሜትሩ 36 ይላል።

«ስንት ይቆያል?» አሉ እማማ።

«ሠላሳ ሰከንድ፤ ትንሽ ቢያልፍም ግድ የለም። ቶሎ ካልቀለጠ ነው በረዶው የሚጎዳው።»

«እንግዲያው እኔ ልቁጠር» አሉና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ቆጠሩለት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ሕፃን ተማሪ። ላሟ ማታ ስታጓራ ሰምተው ነው የደወሉት፤ አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ከያዘች ኮርማ መፈለጓ ይቀራል፤ ካልያዘች በ21 ቀን ገደማ ተመልሳ ታጓራለች። ይህን ስጽፍ 14ኛው ቀን ነው።